«ሴት ያሳደገው»

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያደረገው ንግግር)



እንዲህ ባለው በዓል ላይ የሚናገር ተማሪ ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ ጊዜ አጠቃቀም ቢናገር የተለመደ ነው። እኔ የመረጥሁት ርእስ ግን ከመርካቶ መንገድ ላይ ያነሣሁት ነው። ይኸውም በየቀኑ ከአፋችን የሚወጣው ቃል፣ እንዲሁም በራዲዮንና በቴሌቪዥን የምንሰማውና የምናየው ሁሉ፣ ስለ ሴትና ስለ ወንድ ምን እንደሚያስተምረን ነው። ዕድሜዬ ገና 18 ዓመት ስለ ሆነ ታላላቆቼን ላስተምር አልነሣም። ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ እናገራለሁ፤ ስሕተት ቢገኝብኝ እንድታርሙኝ እለምናለሁ።

እናቴ በመርካቶ በበርበሬ በረንዳ ዛላ በርበሬ ትነግዳለች። አባቴ የሞተው እኔ የ6 ዓመት ልጅ ሳለሁ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ብቻ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለ ሚዛን በመያዝ እረዳታለሁ። ባለፈው ዓመት በአንድ ቅዳሜ አንድ ገዢ ስለ ጆንያው ክብደት ከእኔ ጋራ ተከራከረ። ሁለተኛ መዘንሁለት፤ ሚዛኑ ትክክል ነበረ። ሰውየው ክርክሩ እንዳላዋጣው ባየ ጊዜ ገንዘቡን ቆጥሮ ጣለልኝና፣ «ምን ይደረግ! ሴት ያሳደገው!» ብሎኝ ሄደ።

እናቴ ሁለት እርምጃ ያህል ርቃ ተቀምጣ ስለ ነበር ሰማች። አልተቆጣችም፤ አልመለሰችለትም። የሚቀጥለውን ጆንያ እንድመዝን ብቻ በእጇ አመለከተችኝ።

ይህን ስድብ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «የሴት ልጅ» እየተባለም ይነገራል። ትርጓሜው ሥርዐት የጐደለው፣ ተቆጪ አጥቶ ያደገ ማለት ነው። ስድቡ የተነገረው ለእኔ ቢሆንም የሚነካው እሷን ነበረ። እኔ ባለጌ ብሆን ኖሮ ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ በዚያ ቃል ግን ጥፋተኛ የምትሆነው ያሳደገችኝ ናት። ከሌሊቱ በ11 ሰዓት ተነሥታ፣ የጭነቱን መኪና ጠብቃ፣ ከደላላው ጋራ ተከራክራ፣ ማታ ሒሳቧን ጽፋ የምትተኛ፣ የትምህርት ቤት ክፍያዬንም አንድ ወር ሳታሳልፍ የከፈለች ሴት፣ ልጅ ማሳደግ የማትችል ናት ተብሎ በአደባባይ ተፈረደባት።

በትምህርት ቤታችን የሃይማኖት ትምህርት ሰዓት የመጽሐፈ ምሳሌን የመጨረሻ ምዕራፍ ባነበብን ጊዜ አንድ ነገር አስገረመኝ። በዚያ ምዕራፍ የምትመሰገነው ሴት እርሻ አይታ የምትገዛ፣ የሠራችውን ልብስ ለነጋዴ የምትሸጥ ናት፤ ይህ የመርካቶ ሴቶች ሥራ ነው። ከዚህም በላይ ምዕራፉ ሲጀምር ንጉሡ ልሙኤል የተናገረው ቃል እናቱ ያስተማረችው መሆኑን ያመለክታል። እንግዲህ በመርካቶ አነጋገር ንጉሥ ልሙኤልም «ሴት ያሳደገው» ነው ማለት ነው።

ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ አንዲት ትንሽ ደብተር ይዤ በገበያው የሚነገረውን ስለ ሴትና ስለ ወንድ የሆነውን ቃል ሁሉ መጻፍ ጀመርሁ። በመጀመሪያዎቹ ገጾች የሰፈሩት ተረቶች ናቸው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ይባላል። «ሴትን ያመነ ጉም የዘገነ» ይባላል። «ሴት ሲበዛ ጐመን ጠነዛ» ይባላል። እነዚህን ተረቶች ከገበያው ሥራ ጋራ ባስተያየኋቸው ጊዜ ቃሉና ሥራው አልገጠሙልኝም። እናቴ ባለችበት ተራ የዕቁቡ ገንዘብ ያዥ ሴት ናት። ሴትን ማመን ጉም መዝገን ነው እያሉ የሚተርቱት ወንዶች ነጋዴዎች በየሳምንቱ ገንዘባቸውን ቆጥረው የሚያስረክቡት ለእሷ ነው፤ እስከ ዛሬም አንዲት ሳንቲም አልጐደለባቸውም። ስለ ጐመኑም ቢሆን፣ ያን ተረት የሚናገረው ሰው በቤቱ የሚበላው ትኩስ ጐመን ሴቶች በብዛት ተቀምጠው ከሚሸጡበት ከጉሊት የመጣ መሆኑን ይረሳል።

የቦታ ስም እንኳ ይናገራል። በመርካቶ አሮጌ ቆርቆሮ፣ አሮጌ ብረትና የተጣለ ዕቃ ታድሶ የሚሸጥበት «ምናለሽ ተራ» የሚባል ክፍል አለ። ስሙ «ምን አለሽ?» ከሚለው፣ ለሴት ከሚቀርብ ጥያቄ ጋራ አንድ ነው። የቤቱን ዕቃ የምታውቀው፣ የሚጣለውንና የሚቀረውን የምትለየው ሴቲቱ መሆኗን ጠያቂው ያውቃል ማለት ነው። ስለ ምን «ምን አለህ ተራ» አልተባለም? ጥያቄውን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

በደብተሬ ውስጥ ምስጋናም ተጽፏል። አንዲት ሴት ከባድ ሥራ ስትሠራ፣ ዕዳዋን በቀኑ ስትከፍል፣ ቃሏን ስትጠብቅ፣ «እሷ እኮ ወንድ ናት!» ይባላል። ይህን የሚለው ሰው ከልቡ ማመስገኑ ነው። እናቴም ብዙ ጊዜ ተብላለች። አንድ ማታ፣ «ይህ ሲባል ደስ ይልሻል?» ብዬ ጠየቅኋት። «የሠራሁት ሴት ሆኜ ነው፤ ስለ ምን ይቀሙኛል?» አለችኝ። እኔ አንድ ዓመት በደብተር ስመዘግብ የቆየሁትን ነገር እሷ በአንድ ቃል ጨረሰችው። ወንድ ሲሰደብ ሴት ይባላል፤ ሴት ስትመሰገን ወንድ ትባላለች። እንዲህ ከሆነ መልካም ሥራ ሁሉ ለአንዱ ጾታ ተመዝግቦ ቀረ ማለት ነው።

ጓደኞቼ ልጃገረዶች ደግሞ እኔ በጆሮዬ ያልሰማሁትን ነገሩኝ። ከአውቶቡስ ተራ ወደዚህ ሲመጡ «ነይ ቆንጆ» ብሎ የሚጀምረው ድምፅ ዝም ካሉት ወደ ስድብ ይለወጣል። ለዚህም «ለከፋ» የሚል ቃል አለን፤ ቃሉ እንደ ጨዋታ ስለሚቈጠር ሰሚው ይሥቃል። ከእነሱ መካከል አንዳንዶቹ ይህን ለማምለጥ አጭሩን መንገድ ትተው ዞረው ይመጣሉ። በጧቱ ሰልፍ ላይ ስለ ማርፈዳቸው ሲቀጡ ያየናቸው እነሱ ናቸው።

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤

ይህን ስል አማርኛችንን የምነቅፍ አይምሰላችሁ። እንዲያውም ቋንቋችን ትልቅ ፍርድ በውስጡ አለው። አማርኛ «አንተ» እና «አንቺ»፣ «እሱ» እና «እሷ» እያለ ይለያል። ወንድን ለማዋረድ የፈለገ ሰው «አንቺ» ይለዋል። እናት ግን ሴት ልጇን በፍቅር ስትጠራት «አንተ፣ ና እስቲ» ልትላት ትችላለች። ሰውን ስናከብር ግን «እርስዎ» እና «እሳቸው» እንላለን፤ በነዚህ ቃላት ወንድና ሴት አይለዩም። አያቴንም ሽማግሌውንም የምጠራው በአንድ አንቱታ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የስብሰባን መሪ «ቼርማን» ሲሉ ኖረው ቃሉ ወንድን ብቻ የሚጠራ ስለ ሆነ «ቼርፐርሰን» ወደ ማለት ሄደዋል። እኛ ግን «ሰብሳቢ» ስንል ሁለቱንም መጥራታችን ነው፤ «ዳኛ»፣ «ሐኪም»፣ «ነጋዴ» ስንልም እንዲሁ ነው። ባልም ሚስቱን፣ ሚስትም ባሏን «ባለቤቴ» ይላሉ። ቋንቋው ክፍት ያደረገውን በር የምንዘጋው እኛ ነን፤ «ሴት ሾፌር»፣ «ሴት ዳኛ» እያልን ሥራው የሌላ ሰው እንደ ነበረ እናስታውሳለን። ወንዱንም ያገባ ቢሆን ያላገባ ቢሆን «አቶ» ስንለው፣ ሴቲቱን ግን «ወይዘሮ» ወይም «ወይዘሪት» በማለት ስሟን ሳንጠራ ጋብቻዋን እንመረምራለን።

አንዳንድ ሰው፣ «ይህ ሁሉ ቃል ነው፤ ቃል ምን ያደርጋል?» ይል ይሆናል። ቃል በሕግ መጽሐፍ ሲጻፍ ምን እንደሚያደርግ ታሪካችን ያሳያል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰብ አለቃ ያደርግ ነበር፤ ለጋብቻም ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት ወስኖ ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ጠለፋን ወንጀል ቢለውም፣ ጠላፊው በሕግ የጸና ጋብቻ ከፈጸመ ክሱ ይቀርለት ነበር። እንግዲህ «ጠልፎ አገባት» በሚለው የመንደር አነጋገር ውስጥ «አገባት» የሚለው ቃል «ጠልፎ» የሚለውን አጥቦ ያነጻው ነበር፤ ሕጉም ይህንኑ ይከተል ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ የባልን አለቅነት አስቀረ፤ የጋብቻውንም ዕድሜ ለሁለቱም 18 አደረገ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ጠላፊውን በጋብቻ የሚያስመልጠውን በር ዘጋ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት 7ኛ አንቀጽ ደግሞ ስለ ቃል ራሱ የተጻፈ ነው፤ በወንድ ጾታ የተነገረው ሁሉ ሴትንም እንደሚያካትት ይደነግጋል። በ35ኛው አንቀጽ የሴቶች እኩልነት ተዘርዝሯል። ሕጉ ቃሉን አረመ፤ የመንገዱ ቃል ግን ገና አልታረመም።

በዚህ ረገድ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ አንድ ቃል አለ፤ በወላጆች ፊት ስለምናገረው ይቅርታ እየጠየቅሁ ነው። «ደፈረ» የሚለው ቃል ነው። «ድፍረት» ማለት ጀግንነት ነው፤ ያለ ፍርሃት መነሣት ነው። ይኸው ቃል ደግሞ በሴት ልጅ ላይ ለሚፈጸመው እጅግ ክፉ ወንጀል እንጠቀምበታለን። ወንጀለኛውን ስንጠራው የጀግና ቃል ሰጠነው። በዜና ሲነገርም «ተደፈረች» ይባላል፤ አድራጊው ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ይጠፋል፤ «ክብሯን አጣች» ተብሎም ይጨመራል። ሌባ ቤት ቢሰብር «ባለቤቱ ክብሩን አጣ» የሚል ማን ነው? ክብሩን ያጣው ሌባው ነው። በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ተዘጋጅቶ በ2006 ዓ.ም. የታየው «ድፍረት» የተባለው ፊልም በዚህ ቃል በሁለቱ ትርጓሜዎች መካከል የቆመ ነው። ታሪኩ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1996 ከተፈጸመ እውነተኛ ነገር የተወሰደ ነው፤ አንዲት የ14 ዓመት ልጃገረድ ተጠልፋ ጠላፊዋን ገደለች፤ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ሆኖ ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። በዚህ ታሪክ ድፍረቱ የማን እንደ ሆነ ግልጽ ነው።

ራዲዮንና ቴሌቪዥን ከመንገዱ ቃል ይሻላሉን? እኔ በቤታችን ስመለከት ልብስ የምታጥበው፣ ዘይት የምታፈሰው፣ ወጡን ቀምሳ ፈገግ የምትለው ብዙ ጊዜ ሴት ናት፤ በመጨረሻ ዕቃው ጥሩ መሆኑን በወፍራም ድምፅ የሚያረጋግጠው ወንድ ነው። እናቴ ይህን አይታ፣ «ሳሙናውን የማውቀው እኔ፤ መስካሪው እሱ» ብላ ሣቀች። ሆኖም መልካም የተሠራውንም መናገር ይገባል። ታላላቆቻችን እንደሚያስታውሱት «የቀን ቅኝት» የተባለው የራዲዮን ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍል ተላልፏል፤ ስለ ቤተ ሰብ፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሴቶች ጤና የማይነገረውን በታሪክ አድርጎ ወደ ቤት አስገባ። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2006 ጀምሮ የታየው «ጸሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የልጆች ዝግጅት ደግሞ ብዙዎቻችን ፊደል ሳንቈጥር የተመለከትነው ነው። ጠያቂዋና አዋቂዋ ቀጭኔ ሴት ነበረች፤ እኛም ወንዶቹ ልጆች ያለ ምንም ቅሬታ ከእሷ ተማርን። በ4 ዓመታችን ያላሳፈረን ነገር በ14 ዓመታችን ስለ ምን አሳፈረን?

የአገራችን ታሪክም ለምሳሌ አልደኸየም። ይህች ከተማ «አዲስ አበባ» የተባለችው እቴጌ ጣይቱ በሰጧት ስም ነው። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበሩ ጸሐፊ ናቸው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1957 በተደረገው ምርጫ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ከ2011 እስከ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በዚያን ጊዜ ጋዜጣው «ፕሬዚዳንቷ» ብሎ መጻፍ ጀመረ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ቃሉ ለማንም እንግዳ አልሆነም። ጆሮ ቶሎ ይለምዳል፤ የሚዘገየው አፍ ነው።

ይህ የሴቶች ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ወንድ ጓደኛ ቢኖረኝ አንድ ነገር ልንገረው። በአባቴ ቀብር ቀን ስቅስቅ ብዬ ባለቀስሁ ጊዜ አንድ ዘመድ ትከሻዬን ይዞ፣ «ዝም በል! ወንድ አይደለህም እንዴ?» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሊያበረታኝ ብሎ ነው። እኔም ዝም አልሁ። ከዚያም ወዲህ ስለ አባቴ ለማልቀስም ሆነ ስለ እሱ ለመናገር ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። የ6 ዓመት ልጅ አባቱን ለማልቀስ ካልተፈቀደለት መቼ ሊፈቀድለት ነው?

አሁን ወደ ንግግሬ ዋና ምክንያት ደረስሁ። እስካሁን ሌላውን ስወቅስ ቆየሁ፤ አሁን ራሴን እወቅሳለሁ። ባለፈው ዓመት ለተማሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ስንመርጥ ተወዳዳሪዎቹ እኔና አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ነበርን። እሷ ያቀረበችው አሳብ ከእኔ የተሻለ ነበረ፤ የቤተ መጻሕፍቱን ሰዓት ስለ ማራዘም በቍጥር ያስረዳችው እሷ ነበረች። እኔ መልስ ባጣሁ ጊዜ፣ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ!» አልሁ። ክፍሉ በሣቅ ተናጋ። እሷ ተቀመጠች፤ ሁለተኛ አልተናገረችም። እኔ ተመረጥሁ። ይህ የሆነው በበርበሬ በረንዳ ከተሰደብሁ ሦስት ሳምንት ሳይሞላኝ ነው። ሰውየው እናቴን የመታበትን ዱላ አንሥቼ ጓደኛዬን መታሁበት፤ በዚያን ቀን ግን አልታየኝም። ደብተሬን ሳገላብጥ፣ ከሌሎች ሰዎች ቃል መካከል የእኔ ቃል እንደ ጐደለ ባስተዋልሁ ጊዜ ነው ያወቅሁት።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። ስትመልስልኝ፣ «የሣቁት ብዙዎች ነበሩ፤ ይቅርታህን የምሰማው ግን እኔ ብቻ ነኝ» አለች። እውነትዋን ነው። ስለዚህ ዛሬ፣ የሣቃችሁ ሁሉ ባላችሁበት፣ ጓደኛዬን ይቅርታ እጠይቃለሁ። የቤተ መጻሕፍቱም አሳብ የእሷ እንደ ነበረ ይታወቅልኝ።

አንዳንድ ወላጅ፣ «ተረት የአባቶች ቅርስ ነው፤ ይጣል ትላለህን?» ቢለኝ፣ አልልም። ተረት ይጠና፤ ይመዝገብ፤ በአማርኛ ክፍለ ጊዜም ይመርመር። ነገር ግን የጥንት ጋሻ በግድግዳ ላይ ሰቅሎ ማየት አንድ ነገር ነው፤ በእሱ የጐረቤትን ልጅ መምታት ሌላ ነገር ነው።

ከመቀመጤ በፊት ሦስት አሳብ ላቅርብ። አንደኛ፣ በክርክር ማኅበራችን ተረት እንደ ማስረጃ እንዳይቈጠር እንስማማ፤ አሳብ ያጣ ተከራካሪ ዝም ቢል ይሻለዋል። ሁለተኛ፣ የግድግዳ ጋዜጣችን አዘጋጆች በየወሩ ስንት ሴቶችና ስንት ወንዶች በምን ሥራ እንደ ተጻፉ ቈጥረው ከታች ያስፍሩ፤ ቍጥሩ ራሱ ያስተምረናል። ሦስተኛው ለወላጆች ነው፤ ዛሬ ማታ ከራት በኋላ ሳህኑን ማን እንደሚያነሣ ተመልከቱ። ሁልጊዜ እኅትየዋ ከሆነች፣ ወንድምየው ነገ ያንሣ። «የሴት ሥራ» የሚለው ቃል ከማናቸውም ንግግር ይልቅ በዚህ ይሻራል ብዬ አምናለሁ።

እናቴ ዛሬ ሱቋን ዘግታ መጥታለች፤ ቅዳሜ ቀን በርበሬ በረንዳን መዝጋት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የመርካቶ ሰዎች ታውቃላችሁ። ያ ገዢ ዛሬ ተመልሶ ያንኑ ቃል ቢለኝ መልሴ ተዘጋጅቷል፤ «አዎን፣ ሴት ያሳደገኝ ነኝ፤ ሚዛኑም ትክክል ነው» እለዋለሁ።